283 ሲደመር 622፣ 905 አይሆንም

ሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሻይ ቤት ውስጥ፣ አንድ ወጣት የስልኩን ካልኩሌተር ከፍቶ ይሟገታል። «ጋሼ፣ ደምሬ እኮ ነው የምነግርዎት! ሂጅራው 622 ላይ ነው፤ 283 ሲደመርበት 905።» ጋሼ የተባሉት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፣ «መደመሩንስ ደምረሃል። ግን ሽንኩርት በኩንታል፣ ቲማቲም በሳጥን ገዝተህ ቁጥሩን በአንድ ላይ ትደምራለህ?» አሉት።

283 ሸዋ ሮቢት ባለችበት ይፋት ውስጥ ከታሪክ ወዳጆች አፍ የማይጠፋ ቁጥር ነው። ምንጩ አንድ አጭር የዐረብኛ የዘመን መዝገብ ነው፤ ጣሊያናዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1941 አሳተመው። የሸዋን ሱልጣኔት የገዛው የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥት ሥልጣን የያዘው በ283 ሂጅሪ ነው ይባላል። ቁጥሩ ወደ እኛ ወይም ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲዞር ግን በየጽሑፉ የተለያየ ዓመት ይሆናል።

የወጣቱ ስህተት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። 622 ላይ መነሳቱ ልክ ነው። የሂጅራ ዓመት ግን ጨረቃን ተከትሎ የሚሄድ፣ 354 ወይም 355 ቀን ያለው ዓመት ነው፤ ከፀሐዩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ያጥራል። ከ283 በፊት ያለፉት 282 ዓመታት 99,931 ቀን ናቸው። ይህን በፀሐይ ዓመት ብንመነዝረው 273 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ሙሐረም 1 ቀን 283 የዋለው በአውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 19 ቀን 896፣ በእኛ ሐሙስ የካቲት 24 ቀን 888 ዓ.ም. ነው። ይህ የሠንጠረዥ ስሌት ነው፤ ጨረቃ በዓይን በሚታይበት አገር አንድ ቀን ወዲያ ወይም ወዲህ ሊል ይችላል። የሂጅራ ቀን የሚገባው ፀሐይ ስትጠልቅ መሆኑንም አንርሳ፤ ያ ሐሙስ የጀመረው ረቡዕ ማታ ነው።

ይፋት ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሠንጠረዥ አያስፈልግም። የይፋት ሙስሊም ገበሬ በረመዳን ይጾማል፤ እርሻውን ግን በሰኔና በሐምሌ ይቆጥራል። ማሽላ በሻዕባን ወር ይዘራ ቢባል ሻዕባኑ ከበጋ ወደ ክረምት እየዞረ ዘሩ በባከነ ነበር። ረመዳን በ1985 ዓ.ም. የካቲት አጋማሽ ላይ ገባ፤ በ2018ም እንዲሁ። በእኛ አቆጣጠር በመካከሉ 33 ዓመት አለፈ፤ በሂጅራ ግን ከ1413 እስከ 1447 ነውና 34። መምህሩ ይህን ሲነግሩት ወጣቱ ስልኩን አስቀመጠ።

ባግዳድም ያኔ ይኸው ችግር ነበረባት። 283 ከመግባቱ በፊት በነበረው ዓመት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 895፣ የዐባሲዱ ኸሊፋ አል-ሙዕተዲድ ግብር የሚሰበሰብበትን የኑውሩዝ ዕለት ሁለት ወር ያህል ገፍቶ ወደ ጁን 11 አዛወረው፤ ገበሬው እህሉ ሳይደርስ ግብር ይጠየቅ ነበርና። ሃይማኖቱ በጨረቃ፣ እርሻው በፀሐይ ይሄዳል፤ የግብር መዝገቡ ከሁለቱ መካከል ነበር።

ስህተቱ ዘመን በገፋ ቁጥር ያድጋል። የይፋቱ ገዥ ወሊ አስማ የመኽዙሚዎችን ሱልጣኔት የጠቀለለው በ684 ሂጅሪ ነው። በቀላሉ የሚደምር ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር 1306 ያገኛል፤ ትክክለኛው ግን 1285 ነው። 21 ዓመት ቀልድ አይደለም። 1285 ዐፄ ይኩኖ አምላክ ያረፉበት ዓመት ነው፤ 1306 ላይ ደግሞ በዙፋኑ ያሉት ዐፄ ውድም አርዕድ ናቸው። አንድ የተሳሳተ ድምር ንጉሡን ራሱን ይቀይራል።

«እኛ ከፈረንጅ ሰባት ዓመት ወደኋላ ቀርተናል፤ ፈረንጆቹ በ1582 አሻሽለው ሄዱ» የሚለውም ከዚህ ጋር ይነሳል። የጎርጎርዮስ ማሻሻያ የዘለለው 10 ቀን ብቻ ነው፤ ዓመት አልነካም። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ከዚያ በፊት ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው። የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በ400 ገደማ ያወጣውን የሥጋዌ ዘመን እኛ ይዘናል፤ ሮም ደግሞ ዲዮናስዮስ በ525 ያወጣውን። ሁለቱም ያሰሉት አንድ ነገር ነው፣ የተለያየ መልስ አገኙ። ስለዚህ 896 ላይ ልዩነቱ የዛሬው ያህል ነበር። ያልነበረው የቀን ልዩነቱ ነው፤ መስከረም 1 ቀን ያኔ በኦገስት 29 ወይም 30 ይውል ነበር። የ888 መስከረም 1 በ30ኛው ዋለ፤ ከሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 በኋላ የመጣ የዮሐንስ ዘመን ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ 283 ለሁለት ወንጌላዊ ተከፍሏል። ሲገባ ዘመነ ዮሐንስ ነበር፤ ሲወጣ፣ የካቲት 13 ቀን 889፣ ዘመነ ማቴዎስ ሆኗል። 192 ቀኑ ከዮሐንስ፣ 163ቱ ከማቴዎስ።

«ዓመተ ምሕረት ሁሌም የዛሬው ነው» የሚል እምነት ደግሞ የድሮ ብራና ይዞ የተቀመጠን ሰው ያሳስታል። በድሮ ጽሑፎች ቃሉ ብዙ ጊዜ የ532 ዓመት ዙር ቁጥር ነው። 532 የሚገኘው ጨረቃ ወደ ቦታዋ የምትመለስበትን 19 ዓመት፣ የሳምንቱ ቀናት ከሠግር ዓመት ጋር በሚደጋገሙበት 28 ሲያባዙት ነው። ዙሩ ከዘመነ ሰማዕታት መባቻ፣ በአውሮፓ 284፣ ይነሳል። በዚህ ዙር የእኛ 888፣ 80ኛው ዓመተ ምሕረት ነው። በዓመተ ሰማዕታት 612፣ በዓመተ ዓለም 6388 ይሆናል። ብራና ላይ «በ80 ዓመተ ምሕረት» የሚል ሲያጋጥም፣ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ወደኋላ የሚሮጥ አንባቢ አይጠፋም።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ፍርስራሹ ነው። ኖራ፣ አስባሪ፣ መሳል፣ ራሳ ጉባና በሪ ይፋት ላይ የድንጋይ መስጊዶች፣ የከተማ ግንቦችና መቃብሮች አሉ። የአካባቢው ወሬ «የ283ቱ ናቸው» ይላል። ፍራንስዋ ዣቪዬ ፎቬልና በርትራንድ ሂርሽ የመሯቸው ጥናቶች ግን ከተሞቹን ከወላስማ ሱልጣኖች የይፋት ዘመን ጋር ያገናኟቸዋል፤ ይህም በዋናነት 14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የበሪ ይፋት መቃብሮችም የእነዚሁ ሱልጣኖች ናቸው። የመኽዙሚዎቹ መዲና ወለላህ የት እንደነበረች ሊቃውንቱ አልተስማሙም። መዝገቡ ራሱ በዝርዝር የሚተርከው የ13ኛውን ክፍለ ዘመን ነው፤ 283 በዚያ ላይ የተጻፈ የአያቶች ትዝታ ነው፣ በዕለቱ የተቀረጸ ድንጋይ አይደለም።

ቢሆንም «እስልምና ይፋት የገባው በግራኝ ጊዜ ነው» የሚለውን ለማፍረስ 283 እንኳ አያስፈልግም። የግራኝ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት የሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1529 ነው፤ ወሊ አስማ ከዚያ 244 ዓመት ይቀድማል።

ወጣቱ በመጨረሻ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ የቱን ልጻፍ?» አለ። መምህሩ ከሽንኩርት ጆንያ የተቀደደች ወረቀት ላይ ጻፉለት፦ 283 ሂጅሪ፣ 888/89 ዓ.ም.፣ 896/97 እ.ኤ.አ.። በሰያፉ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው፣ «ወሩን ካላወቅህ ሁለቱንም ጻፍ፤ ወሩን ካወቅህ አንዱን ሰርዝ» አሉት።