ለአስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት ሕመም የሚሰጡ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች በንጽጽር

በሐዋሳ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ ነጋዴ ማታ ሱቁን ቆልፎ ቤቱ ከደረሰ በኋላ «በሩን ሳልቆልፍ መጥቼ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ይይዘዋል እንበል። በባጃጅ ተመልሶ ያረጋግጣል፤ ለጥቂት ጊዜም ይረጋጋል፤ ጥርጣሬው ግን ወዲያው ይመለስበታል። እንዲህ ያለው ነገር በየዕለቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲወስድ ወይም ሥራንና የቤተሰብ ኑሮን ሲያውክ፣ አስገዳጅ ሐሳብና ድርጊት (ኦ.ሲ.ዲ.) የተባለው የአእምሮ ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ እንዴት ይጸናል?

አስገዳጅ ሐሳብ ሰው ሳይፈልገው በአእምሮው የሚመላለስ አስጨናቂ ሐሳብ ነው። አስገዳጅ ድርጊት ደግሞ ጭንቀቱን ለማስታገስ የሚደጋገም መታጠብ፣ መፈተሽ፣ መቁጠር ወይም ጸሎትን «አልተሟላም» ብሎ እንደገና መጀመር ነው። ድርጊቱ የሚሰጠው እፎይታ አጭር ቢሆንም አእምሮ «የዳንኩት ስለፈተሽሁ ነው» ብሎ ስለሚማር ሕመሙ እየጠነከረ ይሄዳል። አንዳንዶች ፈጣሪን የሚሳደብ ወይም የሚወዱትን ሰው የሚጎዳ ሐሳብ ስለሚመጣባቸው በኀፍረት ለዓመታት ይደብቁታል። ይህ ሐሳብ የሕመሙ ምልክት እንጂ የሰውየው ፍላጎት አይደለም።

የሕክምናዎቹ ንጽጽር

1. የመጋፈጥና ድርጊቱን የመተው ሕክምና፦ መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1966 በእንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ቪክቶር ሜየር የተጣለ ሲሆን፣ ጠንካራ የምርምር ማስረጃ ያለው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ታካሚው ከባለሙያው ጋር የሚያስጨንቁትን ነገሮች ከቀላል ወደ ከባድ በደረጃ ይዘረዝራል። ነጋዴው ለምሳሌ ሱቁን አንድ ጊዜ ብቻ ቆልፎ ሳይመለስ ጭንቀቱን ይታገሣል፤ የፈራው ነገር እንደማይደርስና ጭንቀቱንም መሸከም እንደሚችል ይማራል። ጅማሬው ከባድ በመሆኑ አንዳንዶች ያቋርጡታል።

2. የአስተሳሰብ ሕክምና፦ «ክፉ ማሰብ ክፉ ከማድረግ እኩል ነው» የሚሉትን የመሳሰሉ እምነቶች እንዲመረመሩ ያደርጋል። ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ጋር ተጣምሮ ይሰጣል፤ መጋፈጥን አጥብቀው ለሚፈሩ ሰዎችም መንገድ ይጠርጋል።

3. የመቀበልና የቁርጠኝነት ሕክምና፦ ሐሳቡን ከመታገል ይልቅ እንደ ሐሳብ ብቻ ተመልክቶ ወደ ኑሮ ዓላማ መመለስን ያስተምራል። ተስፋ ሰጪ ቢሆንም ማስረጃው ከመጀመሪያው ያነሰ ነው።

4. ራስን የማረጋጋት ልምምድ፦ ለጠቅላላ ጭንቀት ይረዳል፤ ብቻውን ሲሰጥ ግን ለዚህ ሕመም በቂ አይደለም።

መድኃኒትና ቤተሰብ

ሕመሙ ሲበረታ እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶች ከሥነ ልቦና ሕክምናው ጋር ይታዘዛሉ። ለውጡ እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ያለ ሐኪም ምክር ማቋረጥ አይገባም። ቤተሰብ በታማሚው ፈንታ በር መፈተሹ ወይም «ምንም አይሆንም» እያለ ደጋግሞ ማረጋገጫ መስጠቱ ሕመሙን ያጸናል፤ ስለዚህ ይህን ልማድ በባለሙያ ምክር ቀስ በቀስ መቀነስ ይገባል። ጸበልና ጸሎት ከሕክምና ጋር ሊሄዱ ይችላሉ፤ ሆኖም መድኃኒትን አያስተዉም። የሃይማኖት አባትም «አንድ ጊዜ በቂ ነው» በማለት ሕክምናውን ሊያግዙ ይችላሉ።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የከተማዋ ነዋሪዎች በቅድሚያ በአካባቢያቸው ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ ቀርበው ምልክቶቹን በግልጽ ሊያስረዱ ይገባል። እንደ አስፈላጊነቱም በሪፈራል ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካሉ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የአባልነት መታወቂያቸውንና የሪፈራል ወረቀታቸውን ይዘው ሊቀርቡ ይገባል። ታካሚዎች ባለሙያውን «የመጋፈጥ ሕክምና ይሰጣል ወይ?» ብለው መጠየቅ መብታቸው ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ካለ ግን ቀጠሮ ሳይጠበቅ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወዲያውኑ መሄድ ያስፈልጋል።