ጨረር የማይችለው ሊቲየም

የሊቲየም ባትሪ እርጅናም ሆነ አልፎ አልፎ የሚያስነሣው እሳት የሚጀምረው በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ ተለይተው ከማይታዩ ለውጦች ነው። የብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) በመሆኑ፣ በብርሃን የሚሠራ ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ ያነሰውን ነገር ለይቶ አያሳይም። ኤርነስት ሩስካና ማክስ ክኖል እ.ኤ.አ. በ1931 በርሊን ውስጥ የሠሩት ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ግን በብርሃን ፈንታ የኤሌክትሮን ጨረርን፣ በመስተዋት ፈንታ መግነጢሳዊ ሌንስን ስለሚጠቀም፣ ዝርያዎቹ በጊዜ ብዛት የአቶሞችን አሰላለፍ እስከ ማሳየት ደርሰዋል።

ከዝርያዎቹ አንዱ የናሙናውን ገጽ በቀጭን ጨረር እየዳሰሰ ምስል የሚያወጣው ሲሆን፣ ለካቶድ፣ ማለትም ለባትሪው አዎንታዊ ኤሌክትሮድ፣ በብዙ ቤተ ሙከራዎች ያገለግላል። ከኒኬል፣ ከማንጋኒዝና ከኮባልት ኦክሳይድ የሚሠራው ካቶድ ከደቃቅ ክሪስታሎች የተጠጋጉ ድቡልቡል ቅንጣቶች ስብስብ ነው፤ ሊቲየም በወጣና በገባ ቁጥር ክሪስታሎቹ በየአቅጣጫው እኩል ስለማይሰፉና ስለማይጠብቡ፣ በወሰናቸው ላይ ስንጥቅ ይፈጠርና ኤሌክትሮላይቱ (በኤሌክትሮዶቹ መካከል ሊቲየምን የሚያመላልሰው ፈሳሽ) ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ይህን ስንጥቅ ማየት ዛሬ የተለመደ ሥራ ነው።

ያስቸገረው ንጹሑ ሊቲየም ነው። ሊቲየም የአቶም ቁጥሩ 3 ብቻ በመሆኑ ኤሌክትሮኖችን እምብዛም አይበትንም፤ በ180 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ አየር ሲነካው መልኩን ይለውጣል፤ ከ100 ናኖሜትር ባልበለጠ ስስ ናሙና ውስጥ ዘልቆ በሚያልፈው ጠንካራ ጨረር ሥር ደግሞ ወዲያው ይበሳሳል። ስለዚህ በምስሉ ላይ የሚታየው ጉዳት ባትሪው ያደረሰው ይሁን ጨረሩ ራሱ ያደረሰው ለመለየት አስቸጋሪ ነበር፤ የዚህ ዘርፍ ዋነኛ ፈተናም አጉልቶ ማሳየት ሳይሆን የሚታየውን ነገር ሳያበላሹ ማሳየት ነው።

መፍትሔው ከሥነ ሕይወት መጣ። ፕሮቲኖችን አቀዝቅዞ ማየት የሚያስችለው ስልት ለዣክ ዱቦሼ፣ ለዮአኪም ፍራንክና ለሪቻርድ ሄንደርሰን የኖቤል ሽልማት ባስገኘበት በ2017፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዪ ኩይ የምርምር ቡድን ያንኑ ስልት በዴንድራይት ላይ ሞከረው። ዴንድራይት ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ከሊቲየሙ ገጽ የሚበቅል ቀጭን ዘንግ ሲሆን፣ ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚለየውን ስስ ሽፋን ከበሳ ባትሪው ሾርት ያደርጋል። ተመራማሪዎቹ ዘንጉን በፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ነክረው፣ አየር ሳይነካው ወደ ማይክሮስኮፑ አስገቡት። በተራ ሙቀት ሊቲየም ከናይትሮጅን ጋር የሚዋሐድ መሆኑ ሲታሰብ ድፍረት ይመስላል፤ በዚያ ቅዝቃዜ ግን ውሕደቱ አይካሄድም።

የታየውም አስገራሚ ነበር፤ ዘንጉ ጠርዛማና ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ክሪስታል ሲሆን፣ አቅጣጫውን በሚለውጥበት ማጠፊያ ላይ እንኳ በክሪስታሉ አሰላለፍ ላይ ጉድለት አልታየም። ከዚህ የሚልቀው ግን በሊቲየሙና በኤሌክትሮላይቱ መካከል ስለሚፈጠረው፣ ኢማኑኤል ፔሌድ በ1979 በጽንሰ ሐሳብ ስላብራራው ስስ ሽፋን የተገኘው ማስረጃ ነው። በተለመደው ኤሌክትሮላይት ውስጥ ሽፋኑ ቅርጽ አልባ በሆነ ቁስ ውስጥ ወዲህና ወዲያ የተበተኑ ደቃቅ ክሪስታሎችን የያዘ ሲሆን፣ ፍሎሮኤቲሊን ካርቦኔት የተባለው ውሕድ ሲጨመርበት ደግሞ በሥርዓት የተነባበረ ይሆናል። ውሕዱ የባትሪን ዕድሜ እንደሚያራዝም ቀድሞም ይታወቅ ስለነበር፣ ምስሉ ለዚያ ልምድ የሚታይ ምክንያት አቀረበለት።

የቀዘቀዘ ናሙና ግን የአንድ ቅጽበት ምስል ብቻ ነው። እንቅስቃሴውን ለማየት በአሜሪካ የሳንዲያ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው በ2010 በማይክሮስኮፑ ውስጥ ከአንድ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ናኖ ዘንግ ትንሽ ባትሪ ሠርተው፣ ሊቲየም ሲገባበት ዘንጉ ሲያብጥና ሲጠማዘዝ በቀጥታ ተመልክተዋል። ይሁን እንጂ የማይክሮስኮፑ ውስጥ አየር አልባ በመሆኑ የተለመደው ኤሌክትሮላይት ስለሚተን፣ የማይተን ልዩ ፈሳሽ ለመጠቀም ተገደዋል፤ ስለዚህ ያዩት ለውጥ እውነተኛ ቢሆንም በስልክ ውስጥ ያለውን ባትሪ ባሕርይ በቀጥታ አያሳይም።