ያውቁ ኖሯል? ስክሪንዎን የሚያሠራው ድራይቨር ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

(ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ለነፃ ሶፍትዌር እንቅስቃሴ መነሻ የሆነው አንድ አስቸጋሪ ፕሪንተር መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በ1980 አካባቢ በአሜሪካው ኤምአይቲ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ወረቀት እየነከሰ ያስቸገረውን የዜሮክስ ፕሪንተር ፕሮግራም ላስተካክል ቢል ኮዱን የሚሰጠው አጣ። በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እንደሚሠራ ይፋ አደረገ።

ዛሬም ሊኑክስ በተባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ዋናው ክርክር ያለው የኮምፒውተሩን ክፍሎች በሚያሠራው ፕሮግራም፣ በድራይቨር ላይ ነው፤ በተለይ የግራፊክስ ድራይቨር ላይ። ክፍት ከሆነ ኮዱን ማንም አንብቦ ያስተካክለዋል። ዝግ ከሆነ የሚያድሰውም የሚተወውም አምራቹ ብቻ ነው።

የኢንቴልና የኤኤምዲ ክፍት ድራይቨር ከሊኑክስ ጋር አብሮ እንደሚመጣስ? ከወልድያ ሊኑክስ ሚንት በፍላሽ ይዞ ቆቦ የገባ ተማሪ፣ ኢንተርኔት ሳይነካ ሲጭነው ስክሪኑ በሙሉ ጥራት ይበራለታል። የሌላው የግራፊክስ ቺፕ አምራች የኤንቪዲያ ዝግ ድራይቨር ግን ብዙውን ጊዜ ለብቻው መውረድ አለበት፤ መጠኑ በመቶዎች ሜጋባይት ነው። ለሰሜን ወሎ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2021 ጦርነት መብራትም ኔትወርክም ለወራት ጠፍቶ የከረመበት አገር ነው።

አሁን ደግሞ ፎርማት የሚያደርጉ ልጆች ሁሉ ሊያውቁት የሚገባ ነገር። ሊኑክስ ሲጫን ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ፣ በማስነሻው ገጽ ላይ የ«ኢ»ን ቁልፍ ተጭኖ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ «ኖሞድሴት» (nomodeset) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ የተለመደ መፍትሔ ነው። ስክሪኑ ይበራል። ችግሩ ብዙ ሰው ተሳካልኝ ብሎ እዚያው መተዉ ነው። ያ ቃል ለከርነሉ፣ ማለትም ለሊኑክስ እምብርት፣ የሚለው «የግራፊክስ ድራይቨሩን አታስነሳ» ነው። ታዲያ ስዕሉን ማን ይሥላል? ፕሮሰሰሩ! ብራያን ፖል በ1993 የጀመረው ሜሳ የተባለው ክፍት የግራፊክስ ሶፍትዌር ውስጥ ኤልኤልቪኤምፓይፕ (llvmpipe) የሚባል ክፍል አለ፤ የግራፊክስ ቺፑን ሥራ ሁሉ ወስዶ ፕሮሰሰሩን ያሸክመዋል። መስኮት ሲጎትቱ ይንቀረፈፋል፣ ቪዲዮ ይቆራረጣል፣ ፋኑ ያለማቋረጥ ይጮኻል፣ ባትሪው መብራት በሄደ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። በግንቦትና በሰኔ የራያ ቆላ ሙቀት ላይ ይህ ሲጨመር ያረጀ ላፕቶፕ ምን እንደሚሆን የጥገና ቤት ባለሙያዎች ያውቁታል። ጥፋቱ ግን የማሽኑ እርጅና ብቻ አይደለም። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ «ሴቲንግስ» ገብተው ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ ይክፈቱ፤ «ግራፊክስ» ከሚለው ጎን ኤልኤልቪኤምፓይፕ የሚል ካዩ ድራይቨሩ አልሠራም ማለት ነው።

በ2012 ለወንጪና ለወለንጪቲ አካባቢ ልጆች የተሰጡት ታብሌቶች ውስጥ የኤንቪዲያ ቺፕ እንደነበረ ያውቁ ኖሯል? «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ያለ አስተማሪ ያደላቸው ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶች ናቸው፤ ቺፑ ቴግራ 2 ይባላል። በወራት ውስጥ ልጆቹ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ራሳቸው ከፈቱት። የግራፊክሱን ዋና ክፍል ግን ዝግ ስለነበር እነሱ ቀርቶ ማንም በቀላሉ ሊከፍተው አይችልም ነበር።

ያው ድርጅት ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባና በገጠር ትምህርት ቤቶች ያከፋፈላቸው አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። ሆኖም የዋይፋያቸው ቺፕ ውስጣዊ ፕሮግራም ዝግ በመሆኑ ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ክፍት ኦፕሬቲንግ ሲስተም መሪ ቴዎ ደ ራድት ድርጅቱን ገና በ2006 በይፋ ነቅፎታል። ትክክል ነበር እላለሁ። ለልጆች መማሪያ ተብሎ በተሠራ ማሽን ውስጥ ልጆቹ ሊያዩት የማይፈቀድ ክፍል መኖር አልነበረበትም።

የሊኑክስ ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ፊደላችንን ማሳየት እንደሚችልስ? ገጹ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 ምልክት ነው፤ በ1999 በወጣው የኮምፒውተር ፊደላት መስፈርት ዩኒኮድ 3.0 የገቡት የኢትዮጵያ ምልክቶች 345 ናቸው፤ ይበቃል። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ውስጥ «ጎሃ» የተባለ ፎንት ለዚሁ ተቀምጧል።

ኪስዎ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክም ከርነሉ ሊኑክስ ነው። በብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ የሚገኘው ማሊ የተባለ ግራፊክስ ለዓመታት ዝግ ድራይቨር ብቻ ነበረው። ፓንፍሮስት የተባለውን ክፍት ድራይቨር ከጀመሩት አንዷ አሊሳ ሮዘንዝዋይግ ስትሆን፣ ሥራውን የጀመረችው ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። በ2019 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ቆቦ ላይ ኮምፒውተር ለሚነካካ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ደጋግሜ ብነግረው ደስ ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር ዝግ ድራይቨር የሚያሸንፍበት ቦታ አለ። የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ብሌንደር ላይ የሚሠራ ሰው የኤንቪዲያ ካርድ ካለው፣ ኩዳ የሚባለውን የፈጣን ስሌት መንገድ የሚያገኘው በዝጉ በኩል ነው። ፍጥነቱም የሚያስቆጭ አይደለም።

የኤንቪዲያን ካርድ የሚያሠራው ክፍት ድራይቨር ኑቮ ደግሞ ያለ ሰነድ፣ ካርዱ የሚያደርገውን እየሰለሉ በጻፉ ፈቃደኞች የተሠራ ነው። በ2010 ከርነሉ ውስጥ ገባ። ከ2014 ወዲህ በወጡ ካርዶች ላይ ግን ኩባንያው የራሱ ፊርማ የሌለውን ውስጣዊ ፕሮግራም ካርዱ እንዳይቀበል ስላደረገ፣ ኑቮ ካርዱን ከመነሻ ፍጥነቱ ከፍ ማድረግ ለዓመታት አቃተው። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2012 ፊንላንድ ውስጥ በመድረክ ላይ ጣቱን ቀስሮ ኤንቪዲያን የሰደበው ከዚህም በፊት ኩባንያው ከሊኑክስ ጋር ለመተባበር በነበረው እምቢታ ነው።

ኤንቪዲያ በግንቦት 2022 የከርነል ድራይቨሩን ኮድ ከፈተ። የተከፈተው ግን ከርነሉ ውስጥ የሚገባው ክፍል ብቻ ነው፤ ስዕሉን የሚያዘጋጀው ትልቁ ክፍልና የካርዱ ውስጣዊ ፕሮግራም አሁንም ዝግ ናቸው። የሚሠራውም ቱሪንግ ከተባለው የ2018 ትውልድ ወዲህ ላሉ ካርዶች ነው። የኤንቪዲያን ጂፎርስ 8 እና 9 ካርዶች የያዙ ያገለገሉ ማሽኖች የኩባንያው ድጋፍ በ2019 መጨረሻ ቆሞባቸዋል፤ ጂፎርስ 400 እና 500 ደግሞ በ2022 መጨረሻ። ለእነዚህ በአዲስ ከርነል ላይ የሚቀራቸው ያው ኑቮ ነው፤ ቆቦ ላይ ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የካርዱን ስም ይጠይቅ።