ጽጌረዳ ስትመርጡ ዓይኗን እዩ!

ለመሆኑ ጽጌረዳ ሲባል ፊታችሁ ላይ ድቅን የሚለው ምንድነው? እኔ ልንገራችሁ። በላስቲክ የተጠቀለለች፣ ግንዷ የረዘመ፣ አፏን ገና ያልከፈተች ቀይ እምቡጥ! በፍቅረኞች ቀን ወንዱ ከጀርባው ደብቆ የሚቆማት፣ ሴቷ ተቀብላ አሽትታ ጠርሙስ ውስጥ የምትከታት፣ በሳምንቱ አንገቷን ደፍታ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት የምትሄደዋ። አይደለም እንዴ? እኔም ጽጌረዳን የማውቃት እንዲሁ ብቻ ነበር። አንዲት እናት “ይሄማ ጎመን ነው!” ብለው እስኪያሳፍሩኝ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ጓደኛ አለችኝ (ስሟን አልጠራም፤ ብጠራው ሁለተኛ ቡና አታፈላልኝም)። ተወልዳ ያደገችበት የድሮ ሰፈር ለልማት ሲነሳ እናቷን ይዛ ኮንዶሚኒየም፣ ያውም ግራውንድ ላይ ገባች። ቤቱ አዲስ ነው። ሽንት ቤቱ እቤት ውስጥ ነው። ከፊት ለፊቱም ሁለት አልጋ የምታህል አፈር አለችው። እናት ግን ከገቡ ጀምሮ ዝም አሉ። ቡና ሲፈላ እንኳ እንደ ድሮው ደጅ ወጥተው አይቀመጡም። “እማዬ ምን ሆነሽ ነው?” ስትላቸው “ምን እሆናለሁ፣ ደህና ነኝ” ብቻ ነው መልሳቸው። አንድ ቀን ማታ ግን ከመሬት ተነስተው “የአጥሬ ሥር አበባስ?” አሉ።

ለካ የጓደኛዬ አባት በሕይወት ሳሉ አጥሩ ሥር የተከሏት አንዲት ጽጌረዳ ነበረች። አጥሩ ሲፈርስ እሷም አብራ ሄደች። ዕቃ ሲጫን፣ ሰው ሲዋከብ፣ ማን ልብ ይበላት?

ጓደኛዬ ጊዜ አላጠፋችም። ቅዳሜ ከሰዓት መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ልጆች ዘንድ ሄደን በጥቁር ላስቲክ የተተከሉ ሦስት ጽጌረዳዎች ገዛን። መራጩ እኔ ነበርኩ። መምረጫዬም ቀላል ነበር፤ ትልቋን፣ የታጨቀችውን፣ ውዷን! እየተኩራራሁ ተሸክሜ ገባሁ። እናት ጎንበስ ብለው አንዷን አበባ በሁለት ጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጓትና ቀና አሉ።

“ልጄ፣ ይሄማ ጎመን ነው። ዓይን የለውም። የኔዋ አምስት ቅጠል ነበራት፤ መሃሏ ላይ ወርቅ የመሰለ ዓይን። ጧት ጧት ንቡ እዚያ ላይ ሲንከባለል ነበር የማየው። ለማንኛውም እግዜር ይስጥልኝ” አሉና ገቡ።

ጓደኛዬ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ዓይኗ የት ገባ?

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ እንጂ የዕፅዋት ሊቅ አይደለሁም። ግን ነገሩ ከነከነኝ። ማንበብ ጀመርኩ፤ አትክልተኛም ጠየቅሁ። አይገርማችሁም? እናትየው ልክ ናቸው!

የዱር ጽጌረዳ ያላት አምስት የአበባ ቅጠል ብቻ ነው (አረንጓዴውን ቅጠል ማለቴ አይደለም)። በሂማሊያ ተራሮች አካባቢ ያለችው አንዷ ዝርያ ደግሞ አራት ይበቃኛል ብላለች። ከመሃል ላይ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ይቆማሉ፤ በእያንዳንዱ ክር ጫፍ ላይ ዱቄት የያዘች ትንሽ ከረጢት አለች። እነዚህ ወንዴዎቹ ናቸው። ከእነሱ መሃል ሴቴዋ ትቀመጣለች። እናትየው “ዓይን” ያሉት ይሄንን ነው።

ታዲያ ያቺ የታጨቀችው ጽጌረዳ ከየት መጣች? ከተፈጥሮ ስህተትና ከሰው ምርጫ። አንዳንዴ ክር ሆኖ መውጣት የነበረበት ነገር የአበባ ቅጠል ሆኖ ይወጣል። ሰው ይሄን አየና ወደደው። እየመረጠ፣ እያዳቀለ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያበዛው ቆየ። ቅጠሉ በበዛ ቁጥር ክሩ እያነሰ ይሄዳል። የቀረውም ቢሆን በቅጠል ተሸፍኖ አይታይም። ላይ ላዩን ያማረ፣ ውስጡን ለቄስ!

ፈረንጆቹ በዚህ ጉዳይ ቆጠራ አላቸው። ከ4 እስከ 8 ቅጠል ያላት ነጠላ ትባላለች። ከ9 እስከ 16 ከፊል ድርብ፣ ከ17 እስከ 25 ድርብ ናት። ከዚያ በላይ ያሉት ሙሉ ድርብ ናቸው። ነጠላ ስል ያላገባች ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ! ነጠላና ጋቢ እንደማለት ነው። ጋቢው ይሞቃል፣ ይከብዳል፤ ነጠላው ግን ብርሃን ያሳልፋል፣ ጥለቱም ይታያል።

ስለ ንቡም ቢሆን እናትየው አልተሳሳቱም። ጽጌረዳ ለንብ የምትሰጠው ጣፋጭ ፈሳሽ እምብዛም የላትም፤ ንብ የሚመጣው ዱቄቱን ፈልጎ ነው። ጫጩቶቹን የሚያሳድገው በእሱ ነውና። የታጨቀችው ዘንድ ሲደርስ ግን በሩ ዝግ ነው። ዞር ዞር ብሎ ይሄዳል።

ታዲያ ድርቧ ምን በደለች?

ምንም! ፍርደ ገምድል አንሁን። በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታ ያሉት የአበባ እርሻዎች ጽጌረዳ የሚያመርቱት በአብዛኛው ለውጭ ገበያ ነው። አበባዋ ካርቶን ውስጥ ተኝታ፣ በአውሮፕላን ሄዳ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጠርሙስ ውስጥ ቀናት መቆየት አለባት። ስለዚህ የሚመረጡት ቅጠላቸው የበዛ፣ ቀስ ብለው የሚከፈቱ ናቸው። ነጠላዋ ይሄን ሥራ አትችልም። ከፈካች ሁለት ሦስት ቀን ብትቆይ ነው፤ ከዚያ ቅጠሏን ታራግፋለች። ግን ተክሏ ደህና ከሆነች ነገ ሌላ ትከፍታለች።

እናም ወገኖቼ፣ የኔ ምክር አጭር ነው፤ ለጠርሙስ ድርብ፣ ለደጅ ነጠላ። ችግሩ እኛ የከተማ ልጆች የጠርሙሱን ምርጫ ይዘን ደጅ መትከላችን ነው።

የራሳችን አለችልን

ነጠላ ጽጌረዳ ፍለጋ ውጭ አገር ከመሄዳችን በፊት ቀጋን እናስታውሳት እንጂ! የሳይንስ ስሟ ራሱ ሮዛ አቢሲኒካ ነው። ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የምትገኝ የጽጌረዳ ዝርያ እሷ ብቻ ናት። በደጋችን አጥር ላይ፣ በገደል አፋፍ ላይ፣ በጫካ ዳር አለች። አምስት ነጭ ቅጠል፣ መሃሏ ላይ ቢጫ የክር ጉንጉን፣ ሽታዋም ደስ የሚል ነው። ስትጨርስ ደግሞ ያቺን ቀይ ፍሬዋን ትሰጣለች። ገጠር ያደገ ሰው ካላችሁ “ቀጋ በልተህ ታውቃለህ?” ብላችሁ ጠይቁት፤ ፊቱ ላይ ልጅነቱን ታያላችሁ።

ግን ልብ በሉ! ቀጋ እሾኋ ቆልማማ ነው፤ ልብስ ይዛ አትለቅም። ቦታም ትፈልጋለች። ሰፊ ግቢና አጥር ላለው ሸጋ ናት። ኮንዶሚኒየም መስኮት ሥር ከተከላችኋት ግን ከጎረቤት ጋር ታጣላችኋለች።

ስመ ጥሮቹ

በዓለም ላይ ዓይናቸው የተደነቀላቸው ነጠላዎች ብዙ ናቸው፤ አምስቱን ላስተዋውቃችሁ። ዴይንቲ ቤስ በ1925 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የወጣች ናት፤ ቅጠሏ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን ክሮቿ የወይን ጠጅ ቀለም አላቸው። የተኳለች ዓይን በሏት! የእሷ ዘር የሆነችው ኋይት ዊንግስ (1947 እ.ኤ.አ.) ነጭ ናት፤ የክሮቿ ጫፍ ግን ቡናማ ነው። መርሜድ (1918 እ.ኤ.አ.) ፈዘዝ ያለች ቢጫ ሐረግ ናት፤ ቅጠሏ ከረገፈ በኋላ እንኳ ወርቃማው ዓይኗ ቆሞ ይቀራል፤ እሾኋ ግን ለጠላት አይስጥ። አልቲሲሞ (1966 እ.ኤ.አ.) የፈረንሳይ ልጅ ናት፤ ደም የመሰለ ቀይ፣ መሃሏ ቢጫ፣ ግድግዳ ይዛ የምትወጣ። ሚውታቢሊስ ደግሞ መጀመሪያ ማር ትመስላለች፣ ቀጥላ ሮዝ፣ በመጨረሻ ደማቅ ቀይ ትሆናለች።

“ውጭ ያለችው እህቴ በሻንጣ ታምጣልኝ” የምትሉ ትኖራላችሁ። ተዉ! ችግኝ ከውጭ ለማስገባት ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ማስረጃ ያስፈልጋል። በሽታ ይዞ ቢገባ የሚጎዳው የእናንተ ደጅ ብቻ አይደለም። ስሟን ባታውቋትም፣ እዚሁ ችግኝ መሸጫ ጥግ ላይ ማንም ያልመረጣት ነጠላ አትጠፋም። አመራረጡን ካወቃችሁ ይበቃል።

እንዴት እንምረጥ?

አንደኛ፣ በእምቡጥ አትግዙ። እምቡጥ ሁሉ ቆንጆ ነው! ጧት ሂዱና ሙሉ በሙሉ የተከፈተች አንድ አበባ ፈልጉ። ቅጠሏን ቁጠሩ፤ ዓይኗን እዩ። ክሩ ደማቅ ከሆነ አበባዋ ገና ዛሬ ነው የተከፈተችው፤ ከጠቆረ ቆይታለች። አጠገቧ ያለችውን ያረጀችዋንም እዩ። እርጅናዋን ከወደዳችሁላት አትቆጩም።

ሁለተኛ፣ የቅጠሏንና የክሯን ቀለም አስተያዩ። ነጭ ላይ ቢጫ ክር ለስላሳ ነው፤ ቀይ ላይ ቢጫ ክር ከሩቅ ይጣራል። ደጃችሁ ጠባብ ከሆነና ከቅርብ የምታዩዋት ከሆነ የክሯ ቀለም ለየት ያለውን ምረጡ።

ሦስተኛ፣ አበባውን ትታችሁ ግንዱን እዩ። ሦስት ያህል ጠንካራ ቅርንጫፍ ይኑራት። አረንጓዴ ቅጠሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም ዱቄት የተነሰነሰበት የመሰለ ነገር ካለ፣ በሽታ ነውና እለፏት።

አራተኛ፣ “የተዳቀለች ናት ወይስ በራሷ ሥር የበቀለች?” ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጽጌረዳ በሌላ ጽጌረዳ እግር ላይ የተለጠፈች ናት። ከተለጠፈችበት በታች የሚወጣው ቅርንጫፍ የእሷ አይደለም፤ የእግሯ ነው። ዝም ካላችሁት ላይኛዋን ውጦ ያስቀራታል።

አምስተኛ፣ ቦታ። በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ታግኝ። ውሃ ጧት ጧት፣ ከሥሯ እንጂ ከራሷ ላይ አታፍስሱባት። አበባዋ ሲረግፍ ከቆረጣችሁላት ከዓመት ዓመት የሚያብበው ዓይነት ቶሎ ይደግማል፤ ፍሬዋን ማየት ካማራችሁ ግን ተዉላት።

የአጥር ሥሯስ?

እንዳልረሳት! ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ወደ እናትየው ተመልሼ ሄድኩ። ስለ እግርና ስለ ራስ የማውቀውን እንደ ሊቅ ስተነትንላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና ሳቁ። “እኮ! ባለቤቴ ሲያመጣትማ ድርብ ነበረች። አንድ በጋ ደርቃ ሞተች ብለን ተውናት። በክረምቱ ከሥሯ ይቺ ወጣች። እሱ ሊነቅላት ሲል እኔ ነኝ ተዋት ያልኩት።” ለካ ያቺ ዓይናማ ጽጌረዳ ማንም ያልገዛት፣ ማንም ያልመረጣት፣ የተሸካሚዋ እግር ኖራለች!

ጓደኛዬ ይሄን ስትሰማ አንድ ነገር ትዝ አላት። የድሮ ጎረቤታቸው ከዓመታት በፊት ከእናቷ አንድ ቅርንጫፍ ወስደው ነበር። አሁን ከተማው ዳር ነው የሚኖሩት፤ ግቢ አላቸው። ሰኔ ላይ ሄድን። አለች! አጥሩን ይዛ ተኝታለች። የእርሳስ ውፍረት ያላቸው፣ ስንዝር ያህል የሚረዝሙ ስድስት ቅርንጫፎች ቆረጥን። የታችኛውን ቅጠል አራግፈን፣ ግማሹን አፈር ውስጥ ቀብረን፣ በላያቸው ላይ ቂጡ የተቆረጠ ሃይላንድ ደፋንባቸው። ጥላ ሥር አስቀመጥናቸው።

አራቱ ደረቁ። አምስተኛውን የሰፈር ልጆች በኳስ ጨረሱት። አንዱ ብቻ ያዘ። ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ እሾህና ቅጠል ብቻ። “ጎመኖቹ” (ሦስቱን የገዛኋቸውን አሁን እንዲህ ነው የምንጠራቸው) አጠገቧ እየፈኩ ሲያሾፉባት ከረሙ። እናትየው ግን አራቱንም እኩል ያጠጣሉ።

በቀደም እሑድ ጧት ጓደኛዬ ደወለችልኝ። “ና ቡና ጠጣ” አለችኝ።

“የት?” አልኳት፤ እንቅልፌን ገና አልጨረስኩም።

“ደጅ ነን። እማዬ ረከቦቱን ይዛ ወጥታለች” አለችኝ።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ!