በበጋ ወራት እሳትን ስለ መጠበቅ

እሳት ጠባቂ ሲኖረው ከሀብቶች ሁሉ የሚጠቅም፣ ጠባቂውን ባጣ ጊዜ ግን ከጠላት ሁሉ የሚከፋ ነው። በምድጃው ሳለ እንጀራ ይጋግራል፣ ብርድ ያርቃል፣ ቤተ ሰብን በአንድነት ይሰበስባል፤ ከምድጃው የወጣ እንደ ሆነ ግን የባለጠጋውንና የድኻውን ቤት አይለይም። ስለዚህ በበጋ ከደጅ እሳት የሚያነድ ሰው ሊጠነቀቅ የሚገባውን ለቤተ ሰብ አባትና እናት ማሳሰብ ተገቢ ነው።

የበዓላችን እሳት የሚነደው ምድር ርጥብ በሆነችበት ወራት ነው። የቡሄ ችቦ በነሐሴ፣ የመስቀል ደመራ በመስከረም ይለኮሳል፤ የሐድያ ሕዝብ ያሆዴም በዚያው በመስከረም ይከበራል። ያን ጊዜ ሣሩ ለምለም ስለ ሆነ ፍንጣሪ ቢወድቅ በወደቀበት ይጠፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ግን እንዲህ አይደለም። በምሻ ወረዳ ባለችው በሞርሲቶ አካባቢ ባላገሩ ስንዴውንና ገብሱን አጭዶ ይከምራል፤ ገለባው በአውድማው ዳር ይቆለላል፤ የእንሰቱም ደረቅ ቅጠል ከግንዱ ተንጠልጥሎ ይታያል። ሕያው እንሰት ውሃ የሞላበት ነውና በቀላሉ አይነድም፤ ደረቅ ቅጠሉ ግን እሳትን ከአጥር ወደ ሣር ክዳን የሚያደርስ መሰላል ነው።

ትንሽ እሳት ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ አገራችን አይታለች። በ1992 ዓ.ም. በድርቁ ወራት በባሌና በቦረና የተነሣው የደን ቃጠሎ ከ100,000 ሄክታር የሚበልጥ ምድር አጥፍቷል። እሳቱን ለመግታት ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ደክመዋል፤ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መጥተዋል። ደግሞ በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተቃጠለ ጊዜ የእስራኤል እሳት አጥፊዎች እስኪጠሩ ድረስ ተደርሷል። የደን እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሰው እርሻ ሲመነጥር፣ ለከብቱ አዲስ ሣር እንዲበቅል አሮጌውን ሲያቃጥል፣ ወይም ማር ቆራጭ ንቡን በጭስ ሲያባርር ነው። ከነዚህ ማንም አገር ላቃጥል ብሎ አይነሣም፤ ነገር ግን ለኩሶ ይሄዳል።

እንግዲህ ከደጅ እሳት ማንደድ ግድ የሆነበት ሰው አስቀድሞ ነፋሱን ይመልከት፤ ነፋስ ካለ ሥራውን ለሌላ ቀን ያቆየው። ቀትርንም ትቶ አየሩ ጸጥ ያለበትን ማለዳ ይምረጥ። ከክምር፣ ከአጥርና ከዛፍ ሥር ይራቅ፤ የሚያነድበትንም ስፍራ ዙሪያውን ሣሩን ነቅሎ ባዶ አፈር ያድርገው። ውሃና አካፋ ሳያቀርብ ክብሪት አይጫር። ገለባው ግን ከሚቃጠል ይልቅ ለከብት መኖ ወይም ለማሳ ፍግ ቢውል ይሻላል። በመንገድ ያደረ መንገደኛም፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅም ለመሞቅ የሚያነደው እሳት ትንሽ ይሁን፤ ሕፃናትም ያለ ታላቅ ሰው እሳት አይያዙ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የማጥፋቱ ነገር ነው። ብዙ ሰው ፍሙን አፈር አልብሶ ጠፍቷል ብሎ ይሄዳል። የቤት እመቤት ግን ከዚህ የተሻለ ታውቃለች፤ ማታ ፍሟን በአመድ የምታዳፍነው እንድትገድለው ሳይሆን ጧት ሕያው ሆኖ እንድታገኘው ነውና። በሜዳም አፈር የለበሰ ፍም እንደዚሁ ያድራል፤ በማግሥቱ ነፋስ ሲገልጠው ከደረቅ ሣር ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ማዳፈን ማጥፋት አይደለም። ውሃ ያፍስሱበት፣ በእንጨት ያማስሉት፣ ደግመው ያፍስሱበት፤ ከዚያም የእጅን ጀርባ ወደ አመዱ አቅርበው ሙቀት ያለ እንደ ሆነ ሥራው እንዳላለቀ ይወቁ።

በዚህ ነገር ሕግም ዝም አላለም። በኦሪት ዘጸአት በ22ኛው ምዕራፍ፣ እሳት ተነሥቶ እሾህን ይዞ የባልንጀራን ክምር ወይም እርሻ ቢያጠፋ እሳቱን ያነደደው ካሣ እንዲከፍል ታዝዟል። በዘመናችንም የደን አዋጅ ቁጥር 542/1999 የመንግሥትን ደን በእሳት ባጠፋ ሰው ላይ ከ10 እስከ 15 ዓመት እስራት ደንግጎ ነበር፤ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 1065/2010 ተተክቷል። ዳኛ የካሣውን ልክ ሊቈርጥ ይችላል፤ የዓመት ቀለቡ በአንድ ሌሊት አመድ የሆነበትን ጎረቤት እንባ ግን ሊመልስ አይችልም።

እንግዲህ የቤቱ ጌታ ይህን ለቤተ ሰቡ ሥርዓት ያድርገው፤ እሳትን የለኮሰ ሰው ከእሳቱ አጠገብ የመጨረሻው ተነሺ ይሁን፤ አመዱ ሳይቀዘቅዝም ከስፍራው አይነሣ።