«ስንት ኪሎ ታነሳለህ?» የአሜሪካ ኮሌጅ ፉትቦል ፍሬሽማኖች ቦታቸውን የሚያገኙት እንዴት ነው?

ጂም የምትገቡ ልጆች ይህችን ጥያቄ በደንብ ታውቋታላችሁ፦ «ቤንች ስንት ታነሳለህ?» እኛ ጋ ጥያቄዋ ለጉራ ናት። አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ገብቶ ፉትቦል ለሚጫወት የ18 ዓመት ልጅ ግን መልሷ ከስሙ ቀድማ ትወራለች።

ቲክቶክ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ገና 12ኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ብረቱ እስኪጎብጥ ክብደት ጭኖ ቁጢጥ ብሎ ይነሳል። ዙሪያውን ያሉት ይጮሃሉ። ኮሜንቱ ላይ ደግሞ «ይሄማ ዘንድሮውኑ ይሰለፋል!» ይባላል። እውነት ይሰለፋል? የትኛው ቦታ ላይ? ዛሬ የምናየው ይሄን ነው።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። አንደኛ፣ እዚህ ጽሑፍ ላይ ፉትቦል ስንል የኛን እግር ኳስ ማለታችን አይደለም። ሄልሜት አጥልቀው፣ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ ኳስ ይዘው የሚጋጩበትን የአሜሪካውን ነው። ሁለተኛ፣ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

📌 ኪሎው ምን ይነግረናል?

አዲሶቹ ልጆች ግማሾቹ ጃንዋሪ ላይ፣ የቀሩት በክረምቱ ወደ ኮሌጁ ይገባሉ። ገና እንደደረሱ ይመዘናሉ፣ ቁመታቸውና የክንዳቸው ርዝመት ይለካል፣ ከዚያ ወደ ክብደት ክፍሉ። እዚያ የሚታዩት ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ቤንች ፕረስ ማለትም ተንጋልሎ መግፋት፣ ስኳት ማለትም ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ እና ፓወር ክሊን ማለትም ከመሬት በአንድ ትንፋሽ ወደ ትከሻ ማውጣት።

ለማነጻጸር ያህል፣ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ወደ ኤንኤፍኤል ለመግባት የሚፈተኑ ተጫዋቾች ቤንች ላይ የሚሰጣቸው ክብደት 225 ፓውንድ ነው። ይሄ 102 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ጤፍ ደረታችሁ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት ኪሎ ተጨምሮበት፣ አቅማችሁ እስኪያልቅ ወደ ላይ ስትገፉት አስቡት።

ግን ቁጥሩ የሚደብቀው ነገር አለ። ክንዱ ረጅም የሆነ ልጅ ብረቱን የሚገፋበት ርቀትም ረጅም ነው። ስለዚህ ክንደ አጭሩ ጓደኛው ብዙ ጊዜ ሲገፋ እሱ ቶሎ ይደክማል። ቪዲዮው ላይ «ደካማ» ይመስላል። ሜዳ ላይ ግን ያው ረጅም ክንድ ወርቅ ነው። ኳስ ወርዋሪውን የሚጠብቅ የመስመር ተጫዋች ተጋጣሚው ሳይነካው በፊት ቀድሞ ደረቱን የሚይዘው በዚያ ክንድ ነው። ያው አንድ ክንድ ጂም ውስጥ ያሳፍራል፣ ሜዳ ላይ ያኮራል።

ሌላው ደግሞ ግጭት የሚጀምረው ከደረት ሳይሆን ከእግር ነው። ዝቅ ብሎ የገባ፣ ቀና ብሎ የቆመውን ይገፋዋል። አሰልጣኞች ከቤንቹ ይልቅ ስኳቱንና ፓወር ክሊኑን አጥብቀው የሚያዩት ለዚህ ነው።

📌 ቦታ በቦታ እንየው

አንድ ቡድን በአንድ ጊዜ 11 ሰው ያሰልፋል። ፍሬሽማን ቶሎ የመሰለፍ ዕድሉ እንደ ቦታው ይለያያል።

👉 የመስመር ተጫዋቾች፦ ኳስ ወርዋሪውን የሚከላከሉት አምስቱ ግዙፎችና ከፊታቸው የሚቆሙት ናቸው። እዚህ ቦታ ላይ 136 ኪሎ የሚመዝን ሰው ብርቅ አይደለም። 18 ዓመት የሆነው ልጅ የሚጋጨው ከ22 ዓመት ጎልማሳ ጋር ነው። ያኛው አራት ዓመት ሙሉ በባለሙያ እየተመገበ ክብደት ሲያነሳ ኖሯል። ስለዚህ እዚህ ቦታ አብዛኛው ፍሬሽማን ይጠብቃል። ጉልበቱ ያንሳል ብቻ ሳይሆን አጥንቱና ጡንቻው ራሱ ገና አልጨረሰም።

👉 ሯጮችና ኳስ ተቀባዮች፦ እዚህ ፍጥነት ይቀድማል። ፍጥነት ደግሞ በአብዛኛው ልጁ ይዞት የሚመጣው ነገር ነው። በ2024 ኦሃዮ ስቴት የገባው ጀረማያ ስሚዝ በፍሬሽማንነቱ 1,315 ያርድ፣ ማለትም ከ1.2 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ኳስ ተቀብሎ 15 ጊዜ አስቆጥሯል። ቡድኑም ጃንዋሪ 2025 ላይ ኖትር ዳምን 34 ለ 23 አሸንፎ ዋንጫ በላ።

👉 ኳርተርባክ፦ ኳስ ወርዋሪው፣ የቡድኑ ጭንቅላት። የሚሰለፈው አንድ ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው። እዚህ የሚፈለገው ኪሎ ሳይሆን በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ማየትና መወሰን ነው። ትሬቨር ላውረንስ በ2018 ክሌምሰን ሲገባ ተጠባባቂ ሆኖ ጀመረ። ከአራት ጨዋታ በኋላ ቦታውን ወሰደ። ጃንዋሪ 2019 ላይ አላባማን 44 ለ 16 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። እንዲህ ዓይነቱ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

📌 ያልመረጡት ዲፓርትመንት

እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ ወይም ጓደኛችሁ የገባ፣ ይሄ አይጠፋችሁም። ልጁ ሜዲሲን ሞልቶ ይገባል፣ ፍሬሽማን ሲጨርስ ሌላ ዲፓርትመንት ይደርሰዋል። ሰፈር ውስጥ «ወይኔ ልጁን!» ይባላል። ከዓመታት በኋላ ግን ያን ያልመረጠውን ትምህርት ወዶት፣ ሠርቶበት ታገኙታላችሁ። ፉትቦል ላይም እንደዚሁ ነው።

ሌን ጆንሰን ሃይስኩልም፣ ቀጥሎ የገባበት ሁለት ዓመት ኮሌጅም ውስጥ ኳርተርባክ ነበር። ኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ ኳስ ተቀባይም ተከላካይም ወደሚሆነው ታይት ኤንድ ወደሚባል ቦታ ወሰዱት። ከዚያ ወደ ተከላካዩ መስመር አዞሩት። በመጨረሻ የአጥቂው መስመር ጫፍ ላይ አቆሙት። ኳስ ይወረውር የነበረው ልጅ 137 ኪሎ ሆኖ፣ ኳስ ወርዋሪውን የሚጠብቅ ዘበኛ ሆነ። በ2013 ከአገሩ ተጫዋቾች ሁሉ አራተኛ ሆኖ ተመረጠ፣ ከፊላደልፊያ ኢግልስ ጋርም ሁለት ጊዜ ሱፐር ቦውል አንስቷል።

ጄጄ ዋትም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ሴንትራል ሚሺጋን በታይት ኤንድነት ገባ፣ አልሆነለትም። ስኮላርሺፑን ትቶ ወደ ዊስኮንሲን ሄደ። በመሃል ፒዛ እያደረሰ ሠርቷል። ዊስኮንሲን የገባው በራሱ ወጪ ነው፣ ቦታውም ወደ ተከላካይ መስመር ተቀየረ። ኋላ ላይ በኤንኤፍኤል ሦስት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ።

የሁለቱም የመጀመሪያ ዓመት ቪዲዮ ቢኖረን ኖሮ ኮሜንቱ ላይ ምን እንደምንጽፍ እናውቃለን።

📌 የመጠበቂያ ዓመት

ከ1972 በፊት በአብዛኛው ፍሬሽማን ለዋናው ቡድን አይሰለፍም ነበር። ከዚያ በኋላ ተፈቀደ፣ አሰልጣኞች ግን ሌላ መንገድ ነበራቸው፦ ሬድሸርት። ተጫዋቹ በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ይጫወታል። አንዷን ዓመት ሳይሰለፍ ይማርባታል፣ ይበላባታል፣ ክብደት ያነሳባታል። በ2018 ደግሞ ሕጉ ላላ ብሎ፣ እስከ አራት ጨዋታ ቢሰለፍም ያቺ ዓመት እንዳትቆጠርበት ተደረገ።

ኤንኤፍኤልም ሃይስኩል ከጨረሰ ሦስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ አይቀበልም። የዚህም ምክንያት አንዱ ሰውነት ነው። ጎበዝ ልጅ እንኳ ከጎልማሶች ጋር ለመጋጨት ጊዜ ያስፈልገዋል።

📌 አሁን ግን ጊዜው ጠቧል

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በ2018 ትራንስፈር ፖርታል የሚባለው ሥርዓት ተከፈተ። በ2021 ተጫዋቹ ኮሌጅ ሲቀይር አንድ ዓመት መቀመጡ ቀረለት። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ተፈቀደለት። በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ኮሌጆች ራሳቸው ለስፖርተኞቻቸው መክፈል ጀመሩ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ ለአንድ ኮሌጅ፣ ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

ለልጆቹ ጥሩ ነው፣ ላባቸው ዋጋ አገኘ። ግን ሌላ ገጽም አለው። አሰልጣኙ አሁን የ18 ዓመት ልጅ እስኪበስል ሦስት ዓመት ከሚጠብቅ፣ የበሰለ የ22 ዓመት ተጫዋች ከሌላ ኮሌጅ ያመጣል። ስምምነቱ ውስጥ በገቡት ኮሌጆች የፉትቦል ቡድን ብዛትም 105 ላይ ተገድቧል። ድሮ ከ120 በላይ ተጫዋች የሚይዙ ነበሩ። የሚቀነሱት እነማን ናቸው? እንደ ዋት በራሳቸው ወጪ ገብተው ዕድላቸውን የሚሞክሩት።

ስለዚህ ፍሬሽማኑ ቶሎ መግዘፍ አለብኝ ብሎ ይቸኩላል። ችኮላው ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል።

📌 ሰውነት ቀልድ አያውቅም

ጃንዋሪ 2011 ላይ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ከእረፍት ተመልሰው ከባድ ልምምድ ሠሩ። አንዱ ሥራ፣ ማንሳት ከሚችሉት ግማሹን ተሸክሞ 100 ጊዜ ቁጢጥ ብሎ መነሳት ነበር። 13 ተጫዋቾች ሆስፒታል ገቡ። ችግሩ ራብዶማዮሊሲስ ይባላል። ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲጎዳ ይፈርሳል፣ የፈረሰው ነገር ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊት ይጎዳል። እዚህም ጂም ለምትሠሩ ይሄን ያዙ፦ ከከባድ ሥራ በኋላ ጡንቻችሁ ክፉኛ አብጦ ሽንታችሁ እንደ ኮካ ከጠቆረ ነገ ይሻለኛል አትበሉ፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።

በ2018 ደግሞ ብዙ ሀበሻ ከሚኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ የ19 ዓመት የመስመር ተጫዋች ሩጫ ላይ ሙቀት መታው። ሰውነቱን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሮ ቶሎ ማብረድ ሲገባ አልተደረገለትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፈ። ዩኒቨርሲቲው ኃላፊነቱን ወስዷል፣ ልጁ ግን አልተመለሰም።

📌 ታዲያ ቪዲዮውን ስናይ ምን እንይ?

ከኪሎው በፊት ቦታውን ጠይቁ፤ ለኳርተርባክና ለመስመር ተጫዋች አንድ ዓይነት ኪሎ አይለካም። ከቤንቹ ይልቅ እግሩን እዩ። ከፊቱ ስንት ትልልቅ ልጆች እንደተሰለፉ ቁጠሩ። ቦታ ቀየሩት ሲባል ደግሞ «አበቃለት» ለማለት አትቸኩሉ።

እዚያ ማዶ ልጅ የምታሳድጉ ወንድም እህቶቻችንም ኮሌጅ ሊወስደው የመጣውን አሰልጣኝ «መቼ ይሰለፋል?» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። «በመጀመሪያው ዓመት ምን ታደርጉታላችሁ? ልምምድ ላይ ቢወድቅ ማነው የሚደርስለት?» በሉት። ልጁ የሚያነሳውን ኪሎ አሰልጣኙ ያውቀዋል፤ የልጁን ዕድሜ ማስታወስ ግን የእናንተ ድርሻ ነው።