ቄሱም ሸሁም የጻፉት፣ ኮምፒውተርም የሚያነበው

በአንድ የብራና ዳዊት ባዶ ቅጠል ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ አገኘን እንበል፦ «በ1875 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ወልደ ማርያም መሬቱን ሸጠ»። ምሳሌው የእኔ ነው፤ ሽያጭና ስጦታን በመጽሐፍ ባዶ ቦታ ላይ መጻፍ ግን የቆየ ልማድ ነው። ይህን ለኮምፒውተር እንዴት እናስረዳው? ፎቶ ብቻ ካነሳን በውስጡ ያለውን ቃል መፈለግ አንችልም። ቃሉን ብንተይበውም ማሽኑ ወልደ ማርያም ሰው ይሁን ቀበሌ አያውቅም። ስለዚህ በቃሉ ግራና ቀኝ ታግ እናደርግበታለን፦ ከዚህ እስከዚህ የሰው ስም፣ ከዚህ እስከዚህ ቀን።

ችግሩ የሚመጣው ሁሉም የየራሱን ታግ ሲፈጥር ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ የሠራው ለሌላው አይገባም። ለዚህ ሲባል እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ፖኪፕሲ ከተማ የተሰባሰቡ ምሁራን ቲኢአይ የሚባለውን የጋራ የታግ መዝገብ ጀመሩ። ዛሬ አምስተኛው እትም ላይ ደርሶ ከ500 በላይ ታጎች አሉት። ቲያትሩም መዝገበ ቃላቱም ድንጋይ ላይ የተቀረጸውም ጽሑፍ ቦታ አለው።

ሁሉንም ታግ የሚጠቀም ሰው ግን አላውቅም፤ ባይኖርም ይሻላል። ደስ የሚለው ነገር፣ የመዝገቡ ባለቤቶች ራሳቸው «ለራሳችሁ አስማሙት» ይላሉ። ኦዲዲ በሚባል አንድ ፋይል ውስጥ የትኛውን ታግ እንደምታስቀሩ፣ የትኛውን እንደምትጥሉ፣ የትኛው ታግ የትኞቹን እሴቶች ብቻ እንደሚቀበል ትጽፋላችሁ። ከዚያ ፋይል ማሽኑ የሚፈትሽበት ደንብም ሰው የሚያነበው መመሪያም አብረው ይወጣሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥበቡ መቀነሱ ላይ ነው፦ ቀንሳችሁ የሠራችሁት ሰነድ በትልቁ መዝገብም ፈተናውን ያልፋል። አዲስ ታግ ከጨመራችሁ ደግሞ የእናንተ መሆኑ እንዲለይ የራሳችሁን ምልክት ታደርጉበታላችሁ። የነባሩን ታግ ትርጉም መቀየር ግን የለም።

በእኛ ብራናዎች ላይ ይህ እየተሠራ ነው። በሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውሲ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው ፕሮጀክት ለኢትዮጵያና ለኤርትራ ብራናዎች የተስማማ የቲኢአይ ደንብ አለው። ከዚያ በፊት ይህን የመሰለው መረጃ በአብዛኛው የሚቀመጠው በታተሙ ካታሎጎች ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የተነሱትን ብራናዎች ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ተቀምጠው ለዓመታት በቅጽ በቅጽ የገለጹት በዚያ መንገድ ነው። ድንቅ ካታሎግ ነው፤ ግን «የመሬት ሽያጭ ያለባቸውን ሁሉ አውጣልኝ» ቢሉት ራሱ አይመልስም።

ወደ ወልደ ማርያም እንመለስ። ቲኢአይ የቤተሰብ ስም የሚባል ታግ አለው። ለእኛ ይጣላል፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና። አባ፣ ግራዝማች፣ መምሬ የሚሉት ግን የማዕረግ ታግ ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ አለ፣ ይቆይ።

ቀኑ ላይ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ኅዳር ሚካኤል፣ ማለትም ኅዳር 12 ቀን 1875፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 20 ቀን 1882 ነው። ታጉ ሁለቱንም ይይዛል፦ ጽሑፉ እንደተጻፈ ይቀራል፣ የተሰላው ቀን ከጎኑ ይቀመጣል። ደንቡ ላይ ደግሞ የባሕረ ሐሳብን ስሌት መጨመር ትችላላችሁ። 1875 ላይ 5500 ሲደመር 7375 ነው፤ ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፣ 3 ደግሞ ሉቃስ ነው። ልክ ነው። በስህተት «ዘመነ ማርቆስ» ብሎ የተየበ ሰው ማሽኑ ወዲያው ቀይ ያሳየዋል። ስህተቱ የጥንቱ ጸሐፊ ከሆነ ግን አይታረምም፤ ማስታወሻ ይደረግበታል።

አሁን ወደ ይፋት እንውረድ። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ መካከል፣ ጀውሃ አካባቢ፣ የጽሑፍ ቅርስ ሲባል ግዕዝ ብቻ አይደለም። የይፋት ገዥዎች ወላስማዎች እ.ኤ.አ. በ1285 የመኽዙሚ ሥርወ መንግሥትን የሸዋ ሱልጣኔት እንደያዙ የምናውቀው ጣሊያናዊው ምሁር ኤንሪኮ ቼሩሊ እ.ኤ.አ. በ1941 ካሳተመው አጭር የዓረብኛ ዜና መዋዕል ነው፤ የሚቆጥረውም በሂጅራ ነው። በዋናነት ለግዕዝ የተስማማው ደንብ ለዚህ ላይበቃ ይችላል። ታዲያ ከዜሮ እንጀምር? የለም። አንድ ኦዲዲ ከሌላ ኦዲዲ ላይ መነሳት ይችላል። የሀምቡርጉን ደንብ መነሻ አድርጋችሁ የምትለውጡትን ብቻ ትጽፋላችሁ። የትኛውን እትም እንደያዛችሁ ግን መዝግቡ፤ አለዚያ እነሱ ሲያድሱ የእናንተ ሳታውቁት ይዛነፋል።

ምን ይለወጣል? በዘመን አቆጣጠሩ ዝርዝር ላይ ሂጅራ ከሌለ ይገባል። በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ፣ ዓጀሚ የምንለው፣ አዲስ ታግ እንኳ አይፈልግም፦ የቋንቋው መለያ «አማርኛ» ብሎ ከአጠገቡ «ፊደሉ ዓረብኛ» ይላል፤ አርጎብኛም እንደዚሁ። በማስታወሻ ዓይነቶች ዝርዝር ላይ፣ ከሽያጭና ከስጦታ ጎን፣ ወቅፍ (ለሃይማኖታዊ ወይም ለበጎ አድራጎት ዓላማ ለዘለቄታው የተሰጠ ንብረት) ከሌለ ይጨመራል። «ያው ስጦታ ነው» ብላችሁ እዚያ ሥር እንዳትወሽቁት፦ በስጦታ የተገኘን መጽሐፍ ባለቤቱ ሊሸጠው ይችላል፣ ወቅፍ የተደረገ ግን አይሸጥም። አንድ መጽሐፍ ላይ ወቅፍም ሽያጭም ተመዝግቦ ቢገኝ፣ ዝርዝሩ ሁለቱን ከለየ፣ ማሽኑ ያንን መጽሐፍ ነጥሎ ያወጣላችኋል።